ከመፍታት በፊት

የላስታ አቀበት የመኪናን ገመና አይሸፍንም። በሜዳ ላይ ለወራት ተሸሽጎ የኖረ ሕመም፣ ከወልዲያ ተነሥቶ በድልብ በኩል ወደ ኩልመስክ በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ በአንዲት ጠመዝማዛ ይገለጣል። በ2011 ዓ.ም. የገና ሰሞን እኛንም የገጠመን ይኸው ነበር። መኪናዋ የአጎቴ ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ ዕድሜ ብዙም የማያንስ አሮጌ ላንድክሩዘር። ከኋላ ወንበር ላይ አያቴ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። የስለት ጃንጥላቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል። «ሳልሞት አንድ ጊዜ ለልደት ላሊበላ ብደርስ» ሲሉ ብዙ ዘመን የኖሩ ሴት ናቸው። በዚያ ዓመት ልጃቸው «እማዬ፣ እኔ ራሴ አደርስሻለሁ» ብሎ ቃል ገባላቸው።

አቀበቱ መካከል ላይ ሞተሩ ጮኸ። አጎቴ ነዳጅ ሲጨምር ጩኸቱ ጨመረ፤ መኪናዋ ግን እንደ ደከመች በቅሎ ባለችበት ታዘግማለች። ወዲያው አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ የተቃጠለ ነገር ሽታ ገባ። አያቴ «ምንድን ነው የሚቃጠለው?» አሉ። አጎቴ አልመለሰም። የሚያውቀው ሽታ ነበር። ከስድስት ወር በፊት በአንድ ትልቅ ከተማ፣ በአንድ ጋራዥ፣ ፍሪሲዮኑን አስለውጦ ብዙ ብር ከፍሏል። በመጨረሻ መሪውን በመዳፉ መታና «አሮጌ ሸራ አድሰው ሸጡልኝ! ሌቦች!» አለ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያች ቃል ነው። ሌብነት በአገራችን ጋራዦች የለም ለማለት አይደለም። ያስገረመኝ የቃሏ ፍጥነት ነው። ክሱ ከጥያቄው ቀድሞ ወጣ። ከስድስት ወር በፊትም መካኒኮቹ መፍቻቸውን ከጥያቄያቸው አስቀድመው አንሥተው እንደ ነበር ያወቅነው በኋላ፣ ኩልመስክ ስንደርስ ነው።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ሞተር አንዴ ከተነሣ በኋላ ሳያቋርጥ ይዞራል፤ ጎማ ግን መሄድም መቆምም አለበት። ስለዚህ ሁለቱን የሚያገናኝና የሚለያይ ነገር ያስፈልጋል። በሞተሩ ጫፍ ላይ ቮላኖ የሚባል ከባድ ክብ ብረት አለ። ከእርሱ ጎን በሁለት ፊቱ ሸራ የለበሰ ስስ ዲስክ ይቀመጣል፤ የዲስኩ እምብርት ከካምቢዮው በሚወጣ ዘንግ ላይ የተሰካ ነው። ከዲስኩ ጀርባ ደግሞ በሞላ ጉልበት ዲስኩን ከቮላኖው ጋር የሚያጣብቅ የብረት ሳህን አለ። እግር ከፔዳሉ ሲነሣ ሳህኑ ዲስኩን ይጨምቃል፤ ሦስቱ አንድ ሆነው ይዞራሉ፤ መኪናዋ ትሄዳለች። ፔዳሉ ሲረገጥ አንድ ኩሽኔታ መጥቶ ሞላውን ይገፋል፤ ሳህኑ ይላቀቃል፤ ዲስኩ ነጻ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ማርሽ መለወጥ ይቻላል። ፍሪሲዮን ማለት ይኸው ነው።

ከዚህ ውስጥ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ሸራው ጥብቅ ብሎ ሲያዝ አያልቅም፤ ፈጽሞ ሲለቀቅም አያልቅም። የሚያልቀው በሁለቱ መካከል ነው፤ ቮላኖው እየፈጠነ ዲስኩ እየዘገየ እርስ በርስ ሲፋተጉ። መኪና ከቆመችበት በተነሣች ቁጥር ይህ መፋተግ ለቅጽበት የግድ ነው። ቅጽበቷ ስትረዝም ግን ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱ አያቴ የጠየቁትን ሽታ ይወልዳል።

ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። ጣልያኖች ዕቃውን በመፋተጉ ፍሪሲዮን አሉት፤ እንግሊዞች በመጨበጡ ክላች አሉት። አማርኛ የጣልያኑን ያዘ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ የገባው ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ቢሆንም፣ የመኪናን አካል በየስሙ መጥራት የለመድነው ከጣልያን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው ወረራ መንገድ የሠራው፣ ጋራዥ የከፈተው እርሱ ነበርና፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ፣ ሞላ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ የሚሉት ሁሉ በእርሱ እጅ የመጡ ቃላት ናቸው። ወራሪው ሄደ፤ ቃላቱ ቀሩ። ከመምህር ወደ ተማሪ የተላለፉት በመጽሐፍ አይደለም፤ ዘይት በነካው እጅ እየተጠቆሙ ነው። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ከዳገቱ ላይ ወረድን። ከጎማው ኋላ ድንጋይ አደረግን። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። ከዚያ ከአያቴ በቀር ሁላችንም በእግር እየተከተልን፣ መኪናዋ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቀች፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኩልመስክ ገባን። ሻይ ቤት በር ላይ የተቀመጡ ወጣቶች ሽታውን ሲሰሙ ተሳሳቁና «እሳቸውን ጥሩላቸው» ተባባሉ።

የመጡት አዛውንት ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ፣ በጉብዝናቸው ዘመን በአሰብና በደሴ መካከል ኤንትሬ ያሽከረከሩ ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ እንዲጻፍ አልጠየቅኋቸውምና። አጎቴ ቀልጠፍ ብሎ «አባባ፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ የሸጡልኝ ሸራ የውሸት ነው፤ ማን ይፈታልኛል?» አላቸው።

እሳቸው ግን መልስ ሳይሰጡ ጠየቁ። መቼ ጀመረህ? ብርድ ሳለች ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ? በየትኛው ማርሽ ይብሳል? ፔዳሉ ከወትሮው ከፍ ብሏል ወይስ ወርዷል? ማርሽ ሲገባ ይጮኻል? አጎቴ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ነበረው፤ ችግሩ ከዚያ ቀን በፊት ማንም ጠይቆት አለማወቁ ነው። ከሁለት ወር በፊት በአራተኛ ማርሽ አቀበት ላይ ሞተሩ ብቻውን ሲፈጥን አስተውሎ እንደ ነበር ትዝ አለው። ፔዳሉ ቦታውን አልለቀቀም። ማርሽ ያለ ችግር ይገባል።

ከዚያ ወደ መኪናዋ ሄዱ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን በእጃቸው ጫን አሉት። ጫፉ ላይ ጥቂት ባዶ መላወሻ አለው። ልኩ እንደ መኪናው ቢለያይም መላወሻው ጨርሶ ከጠፋ ኩሽኔታው ዘወትር ሞላውን ይገፋል፤ ሳህኑም ዲስኩን በግማሽ ልብ ብቻ ይይዘዋል። እዚህ ላይ ጉድለት አልነበረም።

ቀጥለው የእጅ ፍሬኑን አሲያዙ፤ በጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ አስደረጉ፤ ሰው ከፊት ዞር እንዲል አዘዙ። አጎቴ ሞተሩን አስነሥቶ ሦስተኛ ማርሽ አስገባና ፔዳሉን ቀስ ብሎ ለቀቀ። ጤነኛ ፍሪሲዮን ቢሆን ሞተሩ ወዲያው መጥፋት ነበረበት፤ የታሰረ ጎማ ማዞር አይችልምና። የእኛ ሞተር ግን መዞሩን ቀጠለ። «አጥፋው፤ ፈተናውም ራሱ ያቃጥላል» አሉ። መንሸራተቱ ተረጋገጠ። አጎቴ «አላልኩም?» የሚል ፊት አሳየ።

አዛውንቱ ግን አልጨረሱም። ጋቢያቸውን አውልቀው፣ ባትሪ አስበርተው፣ ከመኪናዋ ሥር ገቡ። ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት ቤት ግርጌ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ አንዲት የዘይት ጠብታ ተንጠልጥላለች። በጣታቸው ነኩና አሸተቱ። ለእኔም አሸተቱኝ፤ የድኝ ሽታ አለው። «የሞተር ዘይት ቢሆን ይጠቁር ነበር፤ ይህንም አይሸትም። ይህ የካምቢዮ ዘይት ነው» አሉ። ነገሩ ተገለጠ። በካምቢዮው ዘንግ ዙሪያ ዘይት የሚይዘው ጎሚኒ አርጅቷል፤ ዘይቱ በዘንጉ እየተንሸራተተ ዲስኩ ላይ ይረጫል፤ ሸራው ዘይት ጠጥቷል። ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ ደኅና ቢሆንም አይዝም።

የተሸጠው ሸራ የውሸት አልነበረም ማለት ነው። ከስድስት ወር በፊት ካምቢዮውን ያወረዱት ሰዎች ሌቦች አልነበሩም፤ ጠያቂዎችም አልነበሩም። ያረጀው ጎሚኒ ዐይናቸው ፊት ነበር። ከዲስኩ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው፤ መቀየሩም ካምቢዮው ከወረደ በኋላ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ግን «ምን አለቀ?» ብለው ጠየቁ እንጂ «ስለ ምን አለቀ?» አላሉም። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ዲስክ ነው፤ ዲስክ ሰጡት። ሁለተኛው ጥያቄ ሳይመለስ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ ላስታ ድረስ አብሮን መጣ።

አጎቴ እፎይ ሊል ሲል አዛውንቱ በከዘራቸው ወደ ፔዳሎቹ ጠቆሙ። የፍሬኑ ላስቲክ መስመሩ ገና ይታያል። የፍሪሲዮኑ ላስቲክ ግን እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሷል።

«እግርህን ታሳርፍበታለህ፣ ልጄ» አሉት።

«ሳላስበው ነው፣ አባባ።»

«እሱማ ማን አስቦ ያደርገዋል።»

ማንም አልሳቀም። አጎቴ አንገቱን ደፋ። ጥፋቱ ለካ ተካፍሎ ኖሯል፤ እኩሌታው ከጎሚኒው፣ እኩሌታው ከገዛ እግሩ።

የዚያን ምሽት ወደ ላሊበላ የሚያልፍ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተገኘ። አያቴን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። በልደት ማለዳ በቤተ ማርያም ካህናቱ ቤዛ ኩሉን ሲያሸበሽቡ አያቴ ከሕዝቡ መካከል ቆመው አለቀሱ። የደስታም ነው፤ ደግሞም ዘወር እያሉ ልጃቸውን ይፈልጉ ነበር። ልጃቸው ያን ሰዓት ኩልመስክ ላይ ከካምቢዮ ሥር ተጋድሟል።

ጥገናውን እርሱ በኋላ እንደ ነገረኝ እጽፈዋለሁ። አዲስ ዲስክና ጎሚኒ ከወልዲያ በሰው ተላከላቸው። አጎቴ ገንዘብ ለመቆጠብ አሮጌውን ዲስክ በቤንዚን አጥቦ ለመመለስ ፈልጎ ነበር፤ አዛውንቱ ከለከሉት። ሸራ የጠጣውን ዘይት ላዩ ቢታጠብም ከሆዱ አያወጣውም፤ ሲሞቅ መልሶ ያመነጨዋል። ካምቢዮውን ሲያወርዱ ክብደቱ በዘንጉ ላይ እንዳይንጠለጠል ከሥሩ ግንድ ደግፈው ነው፤ የተንጠለጠለ ካምቢዮ ዲስኩን ያጣምማል። በውስጡ የተጠራቀመውን የሸራ ብናኝ በአየር አላስነፉትም፤ በእርጥብ ጨርቅ አስጠረጉት። ይህ ትክክል ነበር፤ የቀድሞ ዘመን ሸራዎች አስቤስቶስ ያለባቸው ናቸውና ብናኛቸው ሳንባ ይጎዳል። ቮላኖው ላይ ሙቀት የጣለው ሰማያዊ ነጠብጣብ ታየ፤ ስንጥቅ ግን ስላልነበረው በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉት። ዲስኩ መሐል ለመሐል እንዲቀመጥ የሚያገለግለው መሣሪያ ስላልነበራቸው ከወይራ እንጨት በልኩ ጠርበው ሠሩ። የሳህኑን ቡሎኖች በአንድ ወገን ጨርሰው አላጠበቁም፤ በመስቀለኛ፣ በየተራ፣ ጥቂት ጥቂት እያሉ ነው። ኩሽኔታውንም አብረው ቀየሩት፤ ዕቃው ርካሽ፣ ካምቢዮ ማውረዱ ግን ውድ ነውና።

ከዚያ ወዲህ እኔም ያገኘሁትን ሁሉ ስጠይቅ ኖርኩ። የሰማሁትን እነሆ። የፍሪሲዮን ሕመም አንድ ዓይነት አይደለም፤ እያንዳንዱ የራሱ ቋንቋ አለው።

አንዱ ያየነው መንሸራተት ነው፤ ሞተር ይጮኻል፣ ጎማ አይሰማም። ሁለተኛው የእርሱ ተቃራኒ ነው፤ አልላቀቅ ማለት። ፔዳሉ ተረግጦ ሳለ ማርሽ፣ በተለይ የኋላ ማርሽ፣ እየተንገጫገጨ ይገባል ወይም ከነጭራሹ እንቢ ይላል። እዚህ ላይ ብዙዎች ካምቢዮ ለማውረድ ይጣደፋሉ። በዘይት በሚገፋ ፍሪሲዮን ግን አስቀድሞ ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ መርገጥና ማርሹን መሞከር ነው። ያን ጊዜ ከገባ ሕመሙ ያለው ከላይኛው ወይም ከታችኛው ፖምፓ ነው፤ አየር ገብቶበታል ወይም ጎሚኒው ያፈስሳል። ዘይቱን ማየት፣ አየሩን ማስወጣት፣ የሚያፈስሰውን መቀየር ይበቃል። የሚጨመረውም አምራቹ ያዘዘው የፍሬን ዘይት ብቻ ነው፤ የሞተር ዘይት የጨመረ ሰው ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋል። በካቦ በሚሳብ ፍሪሲዮን ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው የካቦው መርዘምና መበጣጠስ ነው።

ሦስተኛው መንቀጥቀጥ ነው፤ መኪናዋ ስትነሣ እንደ ወባ በሽተኛ ትንዘፈዘፋለች። ሸራው ዘይት ነክቶት፣ ወይም ቮላኖው በሙቀት ተጎድቶ ይሆናል። ነገር ግን ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች ሲበጠሱም ልክ እንዲሁ ያደርጋል፤ እነርሱን ለማየት ካምቢዮ ማውረድ አያስፈልግም። አራተኛው ድምፅ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚመጣና ሲለቀቅ የሚጠፋ ፉጨት በአብዛኛው የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። በተቃራኒው፣ ማርሽ ሳይገባ ሞተሩ በቆመበት ሲሠራ የሚሰማና ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጠፋ ጩኸት የካምቢዮው የራሱ ኩሽኔታ ነው። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ጩኸቶች፣ ሁለት የተለያዩ ሂሳቦች።

ከሁሉ በላይ ደግሞ እግር አለ። ላሊበላ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ በ2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4000 ሜትር ያልፋል። በ3000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር የሚተነፍሰው ሲያንስ ጉልበቱም ያንሳል። አሽከርካሪው የጎደለውን ጉልበት በፍሪሲዮን ሊሞላ ይሞክራል፤ ግማሽ ረግጦ ነዳጅ ይጨምራል፤ ዳገት ላይ ሲቆምም በፍሬን ፈንታ በፍሪሲዮን መኪናዋን ሰቅሎ ይይዛታል። ደግሞ ቁልቁለቱ ሲመጣ ነዳጅ ለመቆጠብ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ይለቃታል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የከፋ ነው። ፍሪሲዮን ተረግጦ ሲወረድ ሞተሩ መኪናዋን መያዝ ያቆማል፤ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይከዳል። በእነዚያ ገደሎች ላይ የሚጠፋው የመለዋወጫ ዋጋ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ አንድ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ «ይህ ሁሉ የጋራዥ ወሬ በግጥምና በወግ ገጽ ላይ ምን ይሠራል?» ብሎ ቢጠይቀኝ አልቀየመውም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ እንዲህ ነው።

እነዚያ አዛውንት በዚያ ምሽት ያደረጉት ማንበብ ነው። የላስቲክ ልስላሴ አነበቡ፤ የአንዲት ጠብታ ሽታ አነበቡ፤ የአጎቴን መልስ ካልተናገረው ጋር አስተያይተው አነበቡ። እኛ መጽሐፍ ገልጠን ገና በሁለተኛው ገጽ ፍርድ ስንሰጥ፣ እሳቸው ምልክቱ ሁሉ እስኪሰበሰብ ፍርዳቸውን አቆዩ። ይህ ንባባቸው ግን የትም አልተጻፈም። የሐኪምን መጽሐፍ፣ የገበሬን ምርቃት፣ የእረኛን እንጉርጉሮ እየሰበሰብን የጋራዥን አማርኛ ንቀን ተውነው፤ ዘይት የነካው፣ ከወራሪ የተወረሰ፣ ጨዋ ያልሆነ ቋንቋ መሰለን። ሸራ «ጠጣ»፣ ሞተር «ተነፈሰ»፣ ፍሬን «ከዳ» የሚል ቋንቋ ግን ማንም ባለቅኔ የማያፍርበት ነው።

ነገሩ የቋንቋ ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ሞተሯ ከዜሮ መነሣት ስለሚችል ፍሪሲዮን የላትም። ስለዚህ ወጣቱ መካኒክ ሌላ ትምህርት ይማራል፤ መማሩም መልካም ነው። ነገር ግን የላስታን፣ የዋግን፣ የዳውንትን ሰው የሚያመላልሱት አሮጌ መኪኖች ነገ አይጠፉም። እንዲያውም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ መኪናም መለዋወጫም ስለ ተወደደ ባለቤቶቻቸው አጥብቀው ይይዟቸዋል። መኪኖቹ ሳያልፉ የሚያውቋቸው ሰዎች ቀድመው ሊያልፉ ነው። ያን ጊዜ በስሕተት የተፈታ ካምቢዮ ዋጋው የአንድ ቤተሰብ የዓመት እህል ይሆናል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። በሽታውን ያልጠየቀስ? ስለዚህ ሁለት ነገር እላለሁ። ለባለ መኪናው፦ መካኒክህ መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ምን እንደ ጠየቀህ ቁጠር፤ ምንም ካልጠየቀህ አንተ ጠይቀው፤ ካምቢዮው ከወረደ በኋላም «ስለ ምን አለቀ?» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይዘጋ። ለጸሐፊው፦ በሰፈርህ ጋራዥ በር ላይ ከተቀመጡት ሽማግሌ አጠገብ ጥቂት ቁጭ በል፤ የሚሉህንም በራሳቸው ቃል ጻፈው።

አጎቴ ላሊበላ የደረሰው በዓሉ ካለፈ በኋላ በማግሥቱ ነው። ምእመናኑ ወደየአገሩ እየተበተነ፣ አቧራው ገና አየር ላይ ነበር። አያቴ ጃንጥላውን አስቀድመው አግብተው ስለ ነበር እናትና ልጅ ባዶ እጃቸውን ቤተ ማርያምን ተሳልመው ተመለሱ። አያቴ እስከ ዛሬ የዚያን ዓመት ልደት ሲያነሡ «ልጄ ቤዛ ኩሉን ሳይሰማ ቀረ» ይላሉ።

ስንመለስ ከአጎቴ ጎን ተቀምጬ ግራ እግሩን ስመለከት ነበር። ማርሽ ለውጦ ሲያበቃ እግሩን ከፔዳሉ አንሥቶ ወለሉ ላይ ያሳርፈዋል። ጥቂት ቆይቶ እግሩ ሳያስበው ወደ ፔዳሉ ይመለሳል፤ ትዝ ሲለው እንደገና ያወርደዋል። እስከ ወልዲያ ድረስ እንዲሁ ሲያደርግ ደረስን።